ካስት የሂንዱ እምነት ነው? ቡድሃስ ሽሮታል?

የህንድ መንግሥት ኤፕሪል 30 ቀን 2025 ባወጣው መግለጫ፣ በሚቀጥለው የሕዝብ ቆጠራ የእያንዳንዱ ዜጋ ካስት እንደሚመዘገብ አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ ሁሉንም ካስቶች ቆጥራ ውጤቱን ለመጨረሻ ጊዜ ይፋ ያደረገችው በ1931፣ ገና በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ሳለች ነበር። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት አባባሎች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ካስት ማለት የሂንዱ ሃይማኖት ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ቡድሃ ካስትን አጥፍቶታል» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ቁራሽ አላቸው፤ ሁለቱም ግን አንባቢን ግማሽ መንገድ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ።

ካስት ምንድን ነው?

ሰው በተወለደበት ቤት ብቻ የሚመደብበት፣ ሀብትም ትምህርትም የማይለውጠው ማኅበራዊ ደረጃ ነው። ከሀብታምና ደሃ ክፍፍል የሚለየውም በዚህ ነው። ደሃ ሠርቶ ሊበለጽግ፣ ሀብታምም ከስሮ ሊደኸይ ይችላል። የካስት ደረጃ ግን ከእናትና ከአባት ይወረሳል፣ ለልጅም ይተላለፋል። እጁ ያጠረው ብራህሚን፣ የካህናቱ ካስት ልጅ፣ ብራህሚን እንደሆነ ይሞታል፤ ባለ ፎቅ ቤቱ ዳሊትም፣ ከሁሉ በታች የተጣለው፣ በሰፈሩ ሰው ዓይን ዳሊት ነው።

ሥርዓቱን ለዘመናት ያቆሙት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሥራ፣ ማዕድና ጋብቻ። ማን ምን ይሠራል፣ ማን ከማን እጅ ይበላል፣ ማን ማንን ያገባል? ሥራው በከተማ፣ በፋብሪካና በቢሮ ብዙ ተቀላቅሏል። ማዕዱም ቢሆን በባቡርና በሆቴል ዘመን እንደ ቀድሞው አልጠበቀም፤ ምግብ ቤት የገባ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ጋብቻው ግን አልላላም። በ2011 እና 2012 በመላው ህንድ በተደረገ ትልቅ የቤተሰብ ጥናት ከካስታቸው ውጭ እንዳገቡ የተናገሩት ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። የእሑድ ጋዜጦች የትዳር ማስታወቂያ ገጾችም የሙሽራውን ወይም የሙሽሪትን ሙያና ትምህርት ከመዘርዘራቸው በፊት በካስት ተከፋፍለው ይወጡ ነበር፤ ዛሬ በኢንተርኔት ያሉት የትዳር አፈላላጊ ድርጅቶችም ያንኑ ልማድ ወርሰዋል። ጋብቻን ልብ ይሏል፤ የቀረው ነገር ሁሉ ዞሮ ወደዚያ ይመለሳል።

ካስቶች አራት ናቸው ወይስ በሺህ የሚቆጠሩ?

በትምህርት ቤት የምንሰማው አራቱን ነው፦ ካህናትና ሊቃውንት የሆኑት ብራህሚን፣ ነገሥታትና ተዋጊዎች የሆኑት ክሻትሪያ፣ ነጋዴዎችና ባለ ሀብቶች የሆኑት ቫይሽያ፣ እነዚህን ሦስቱን የሚያገለግሉት ሹድራ። ይህ አራት ክፍል ቫርና ይባላል። መጻሕፍቱ የሚናገሩት በዋናነት ስለ ቫርና ነው።

ሰዉ በየቀኑ የሚኖርበት ግን ጃቲ የሚባለው ነው። ጃቲ አንድ ሰው የሚወለድበትና የሚያገባበት ቡድን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሙያና ከአንድ አካባቢ ጋር የተያያዘ ነው። በመላው ህንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ጃቲዎች አሉ። የትኛው ጃቲ ከየትኛው በላይ እንደሆነ ሁሉም የተስማማበት ዝርዝር ኖሮ አያውቅም። በአንድ አውራጃ የተከበረ ጃቲ ወንዝ ሲሻገር ሌላ ደረጃ ያገኛል። ራሱን ክሻትሪያ ብሎ የሚጠራውን ጎረቤቱ ሹድራ ነህ ይለዋል።

ከአራቱም ውጭ የተጣሉ አሉ። የሞተ ከብት የሚያነሱ፣ ቆዳ የሚያለፉ፣ መጸዳጃ የሚጠርጉ፣ ሬሳ የሚያቃጥሉ ሰዎች እንደ ርኩስ ተቆጥረው፣ «የማይነኩ» ተብለው፣ ከመንደሩ ጠርዝ ሰፍረው፣ ከጋራው ጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ ተከልክለው ኖረዋል። ማህተማ ጋንዲ «ሃሪጃን»፣ የእግዚአብሔር ልጆች፣ ሲሏቸው ብዙዎቹ ይህን ስም እንደ ማባበያ አይተው አልተቀበሉትም። ራሳቸውን የሚጠሩት ዳሊት፣ የተደቆሱ፣ ብለው ነው። በሕግ ቋንቋ «የተመዘገቡ ካስቶች» ይባላሉ። በ2011 ቆጠራ 201 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ 16.6 በመቶ ነው።

የሂንዱ መጻሕፍት ምን ይላሉ?

የሂንዱ እምነት አንድ መሥራች፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጉባኤ የለውም። ስለዚህ «ሂንዱይዝም እንዲህ ይላል» ብሎ የሚጀምር ሰው የትኛውን መጽሐፍ፣ የትኛውን ወገን እንደሚጠቅስ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀሰው ሪግቬዳ በሚባለው ጥንታዊ የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ያለ አንድ መዝሙር ነው። አማልክት ፑሩሻ የተባለውን የመጀመሪያ ሰው ሠዉት፤ አፉ ብራህሚን፣ ክንዶቹ ተዋጊው፣ ጭኖቹ ቫይሽያ፣ እግሮቹ ሹድራ ሆኑ ይላል። መዝሙሩ ስለማይነኩ ሰዎች አንድም ቃል የለውም፤ በአራቱ መካከል ጋብቻን አይከለክልም። ደረጃውን ግን ከዓለም አፈጣጠር ጋር አስሮታል።

ወደ ሕግ የለወጠው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተዘጋጀው የማኑ ሕግ ነው። ሊቃውንት ይህን ድርሰት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሁለተኛው ምዕተ ዓመት እስከ ልደቱ በኋላ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጡታል። እዚህ ላይ ቅጣቱ እንደ ተቀጪው ቫርና ይለያያል፤ አንዱ ቀላል ተግሣጽ በሚቀበልበት ጥፋት ሌላው አካሉን ያጣል። የሹድራ ድርሻ ማገልገል ነው። ከተለያዩ ቫርናዎች የተወለዱ ልጆች በየደረጃቸው እየተዋረዱ ይዘረዘራሉ፤ ከሹድራ አባትና ከብራህሚን እናት የተወለደው ከሁሉ በታች ተጥሎ ከመንደር ውጭ እንዲኖር ይፈረድበታል።

ባጋቫድ ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፍ ላይ ደግሞ አምላኩ ክሪሽና አራቱን ቫርናዎች እንደ ባሕርይና እንደ ሥራ ከፋፍዬ የፈጠርሁ እኔ ነኝ ይላል። በዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ለውጥ ፈላጊዎች «ባሕርይና ሥራ አለ እንጂ ልደት አላለም» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ባሕርይም ቢሆን ከልደት ጋር የሚመጣ ነው ብለው ይመልሳሉ።

ከጥቅሶቹ ሁሉ ይልቅ ሥርዓቱን ያጸናው ግን የካርማ ትምህርት ይመስለኛል። ሰው ዛሬ የሚወለድበትን ቤት የሚወስነው ባለፈው ሕይወቱ የሠራው ሥራ ነው ከተባለ፣ መጸዳጃ የሚጠርገው ሰው የተበደለ ሳይሆን ዕዳውን የሚከፍል ይሆናል። ጭቆና በየትም አገር አለ። ተጨቋኙ ራሱ «ይገባኛል» እንዲል የሚያደርግ ማብራሪያ ግን በሁሉም አገር አይገኝም።

ይህም ሆኖ ሥርዓቱን ከውስጥ የተቃወሙ ሂንዱዎች ጥቂት አይደሉም። በ12ኛው ምዕተ ዓመት በካርናታካ የተነሣው ባሳቫ የካስትን ልዩነት የማይቀበል ማኅበር መሥርቷል። ቆዳ ሠሪው ራቪዳስና ሸማኔው ካቢር በመዝሙሮቻቸው እስከ ዛሬ ይታወሳሉ። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ቾካሜላ ማሃር ከሚባለው የማይነካ ካስት የተወለደ ባለቅኔ ነበር። ፓንዳርፑር ባለው ቤተ መቅደስ ለሚመለከው አምላክ ዕድሜውን ሙሉ ዘመረ፤ ደጁን ግን አልረገጠም። መቃብሩ ከቤተ መቅደሱ መግቢያ ፊት ለፊት፣ ከደረጃው ሥር ነው። የወገኖቹ ልጆች ያንን ደረጃ ወጥተው እንዲገቡ የተፈቀደላቸው በ1947 ነው።

ታዲያ ካስትን የፈጠረው ሃይማኖቱ ነው?

ማብራሪያና ሕግ ሰጥቶታል፤ ብቻውን ፈጠረው ለማለት ግን አስቸጋሪ ነው። በ2013 የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ የህንድ ሕዝቦች ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት እስካለው ጊዜ ድረስ በሰፊው ይዋለዱ እንደነበርና ከዚያ ወዲህ እየተለያዩ በየራሳቸው ቡድን መጋባት እንደጀመሩ አሳይቷል። ይህም የማኑ ሕግ ከተጻፈበት ዘመን ጋር ይቀራረባል። መጽሐፉ ልማዱን አመጣው ወይስ ልማዱ መጽሐፉን ጻፈው የሚለው ግን አሁንም ያከራክራል።

ሌላው ማስረጃ ካስት ከሂንዱዎች ውጭም መገኘቱ ነው። በህንድ ሙስሊሞች ዘንድ «አሽራፍ» የሚባሉት የበላዮች ከታች ካሉት ጋር በቀላሉ አይጋቡም። በደቡብ ህንድ ዳሊት ክርስቲያኖች የሚቀበሩበት የተለየ መካነ መቃብር ያላቸው ቦታዎች አሉ። ሲኮች እኩልነትን የሃይማኖታቸው መሠረት ቢያደርጉም የጃቲ ጋብቻ አልቀረላቸውም። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ይህ እንግዳ አይደለም፤ ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው» ብሎ መሸሽ፣ ለፋቂና ለሸክላ ሠሪ ልጅ አለመስጠት፣ በካፋ ከማንጆዎች ጋር በአንድ ማዕድ አለመቅረብ፣ ይህ ሁሉ ሪግቬዳ የሚባል መጽሐፍ በሌለበት አገር ኖሯል። ሙያን፣ ርኩሰትንና ጋብቻን አንድ ላይ የሚቋጥር ማኅበረሰብ ምክንያቱን ካለው ሃይማኖት ወይም ተረት ይቀዳል።

የእንግሊዝ አገዛዝም የራሱን ድርሻ ጨምሯል። በ1901 ቆጠራውን የመራው ኸርበርት ሪዝሊ ካስቶችን በማኅበራዊ ክብራቸው ቅደም ተከተል ለመደርደር ሞከረ። ወዲያው «እኛ ክሻትሪያ ነን»፣ «እኛ ብራህሚን ነን» የሚሉ አቤቱታዎች ቢሮዎቹን አጥለቀለቁ። እስከዚያ ድረስ ከአውራጃ አውራጃ የሚለዋወጥ የነበረው ነገር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ደረቀ። እንግሊዞች ካስትን ፈጠሩት የሚሉ አሉ፤ ያ ግን የቾካሜላን መቃብር መርሳት ነው።

ቡድሃ ምን አለ?

ቡድሃ ራሱ ከክሻትሪያ ቤት፣ ከሻክያ ነገድ የተወለደ ነው። የኖረበት ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አምስተኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይቀበላሉ። «ብራህሚን» የሚለውን ቃል አልጣለም፤ ትርጉሙን ገለበጠባቸው። ሰው በልደቱ ርኩስ አይሆንም፣ በልደቱም ብራህሚን አይሆንም፤ ርኩስ የሚያደርገው ሥራው ነው፣ ብራህሚን የሚያደርገውም ሥራው ነው አለ።

ቃሉን በሥራ ያሳየበት አንድ ታሪክ አለ። የሻክያ መሳፍንት ልጆች ሊመነኩሱ ሲመጡ ፀጉር አስተካካያቸው ኡፓሊም አብሯቸው መጣ። በመነኮሳት ሥርዓት ቀድሞ የመነኮሰ ታላቅ ነው፤ በኋላ የገባው ይሰግድለታል። መሳፍንቱ «እኛ ሻክያዎች ትዕቢተኞች ነን፤ እርሱን አስቀድምልን፣ እንድንሰግድለትና ትዕቢታችን እንዲወርድ» ብለው ለመኑ። ቡድሃም ኡፓሊን አስቀደመ። ያ ፀጉር አስተካካይ ኋላ በገዳማዊ ሕግ ዕውቀቱ ከሁሉ የላቀ መምህር ሆነ። ጠራጊው ሱኒታም መነኩሴ ሆኗል። ታላላቅ ወንዞች ባሕር ሲገቡ ስማቸው እንደሚጠፋ፣ አራቱም ቫርናዎች ወደ ማኅበሩ ሲገቡ ስማቸው ይቀራል ብሎ አስተማረ።

ወንዞቹ ስማቸውን የሚያጡት ግን ባሕሩ ውስጥ፣ ማለትም ገዳሙ ውስጥ ነው። መነኩሴ አያገባም፤ ለልጁ የሚያወርሰው ካስትም የለውም። በቤቱ ለሚኖረው ምዕመን ቡድሃ ሰው እንዳይገድል፣ እንዳይሰርቅ፣ እንዳይዋሽ ሲያዝ ማንን እንደሚያገባ ወይም እንደማያገባ አላዘዘም። የሠርግና የልደት ሥርዓት እንደ ወትሮው በብራህሚኖች እጅ ቀረ። በሌላ በኩል የቡድሂስት መጻሕፍት ራሳቸው ክሻትሪያን ከብራህሚን ያስቀድማሉ፤ ቡድሃ የሚወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ ቤቶች በአንዱ ብቻ ነው ይላሉ፤ በዝቅተኛ ቤት መወለድንም ያለፈ ሕይወት ክፉ ሥራ ፍሬ አድርገው የሚያቀርቡ ቦታዎች አሏቸው። ስለዚህ ቡድሃ የካስትን ክብር ነፈገው፤ የካስትን ቤት ግን አላፈረሰም።

ቡድሂስት በሆኑ አገሮች ካስት የለም?

አለ። የተሻለው ምሳሌ ስሪላንካ ናት። የሲንሃላ ማኅበረሰብ አብዛኛው ቡድሂስት ነው፤ በመካከላቸው የብራህሚን ካስት የለም፤ ቁንጮው ላይ የተቀመጡት ጎዊጋማ የሚባሉት ገበሬዎች ናቸው። በ1753 ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ፣ በመጡ መነኮሳት አማካይነት የደሴቲቱ የምንኩስና ሥርዓት ሲታደስ ብዙም ሳይቆይ ሙሉ ማዕርግ ለጎዊጋማ ልጆች ብቻ ተወሰነ። ከዚህ የተገፉት ሳላጋማ የተባለ ካስት መነኮሳት ባሕር ተሻግረው በርማ ድረስ ሄዱ፤ ማዕርጉን እዚያ ተቀብለው በ1803 ሲመለሱ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ። የቡድሃ ቃል በየቀኑ በሚነበብበት ገዳም ደጅ ላይ የትውልድ ጥያቄ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ስሪላንካ ውስጥ ካስት እንደ ህንዱ የከረረ አይደለም፤ ስለ ርኩሰትም ብዙ አይወራም። በጋብቻና በገዳም ግን አልጠፋም።

በኔፓል የካትማንዱ ሸለቆ ኔዋሮች ዘንድ የቡድሂስት ክህነት ራሱ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ የካስት መብት ነው። በጃፓንም ከብት የሚያርዱና ቆዳ የሚሠሩ ሰዎች በ1871 በሕግ እኩል እስኪባሉ ድረስ እንደ ርኩስ ተገፍተው ኖረዋል፤ አንዳንድ ቤተ መቅደሶች ለሙታናቸው የሚሰጡት የቡድሂስት ስም ሳይቀር አዋራጅ ምልክት ይጻፍበት ነበር።

አምቤድካር ለምን ቡድሂስት ሆነ?

ይህን ሁሉ እያወቀ ቡድሂዝምን የመረጠ አንድ ሰው አለ። ቢምራኦ አምቤድካር በ1891 ተወለደ፤ እንደ ቾካሜላ ማሃር ነው። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገለ በመሆኑ ትምህርት ቤት ገባ። ክፍል ውስጥ ግን ከልጆቹ ተለይቶ ከቤቱ ይዞት በሚመጣው ጆንያ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ጠራጊ እንኳ ያንን ጆንያ አይነካም። ሲጠማው ቧንቧውን መክፈት አይችልም፤ ተላላኪው መጥቶ መክፈት አለበት። ተላላኪው ከሌለ ውኃ የለም።

ይህ ልጅ አድጎ ከኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ከለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት በዶክትሬት ተመረቀ። ገና የ25 ዓመት ተማሪ ሳለ በ1916 ባቀረበው ጥናት የካስት መቆለፊያ በቡድን ውስጥ ብቻ መጋባት ነው ሲል ተከራከረ።

በማርች 1927 ማሃድ በምትባል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ዳሊቶችን አስከትሎ ወደ ሕዝብ ኩሬ ወረደና በእጁ ጨልፎ ጠጣ። ኩሬው ለሁሉም ክፍት እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ የሚደፍር ግን አልተገኘም። የከተማዋ የላይኛው ካስት ሰዎች ሰልፈኞቹን ደበደቡ። ከዚያም ኩሬውን በላም ወተት፣ እርጎ፣ እበትና ሽንት «አነጹት»። ከብት የሚጠጣው ውኃ በሰው እጅ ረከሰ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 25 ቀን አምቤድካርና ተከታዮቹ እዚያው ማሃድ ላይ የማኑን ሕግ በእሳት አቃጠሉ።

በ1935 «ሂንዱ ሆኜ ተወለድሁ፤ ያ በእጄ አልነበረም፤ ሂንዱ ሆኜ ግን አልሞትም» ብሎ ለሕዝብ ተናገረ። በዓመቱ አንድ የላሆር የለውጥ ማኅበር ንግግር እንዲያደርግ ጋብዞት ጽሑፉን አስቀድሞ ሲያየው ደነገጠና ስብሰባውን ሰረዘ። የጽሑፉ ክርክር አጭር ነው፦ መድኃኒቱ በካስቶች መካከል መጋባት ነው፤ ሰዎች የማይጋቡት ግን ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን መጻሕፍቱን ስለሚያምኑ ነው፤ ስለዚህ መነካት ያለበት የመጻሕፍቱ ሥልጣን ነው። ጋንዲ በዚህ አልተስማማም። አለመነካካት ኃጢአት ነው፣ ቫርና ግን በትክክለኛ ትርጉሙ መልካም ነው ብሎ ተከራከረው።

አምቤድካር ሃይማኖት ለመምረጥ ሃያ አንድ ዓመት ወሰደ። ሲክ፣ ክርስቲያንና ሙስሊም መሪዎች በየተራ ጋበዙት። በመካከሉ የነጻይቱን ህንድ ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መራ። ኦክቶበር 14 ቀን 1956 ናግፑር ላይ ከበርማ ተወላጅ መነኩሴ ፊት ቆሞ ቡድሂስት ሆነ፤ ወዲያውም በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ተከታዮቹ 22 መሐላዎችን አስማለ። ለብራህማ፣ ለቪሽኑና ለሺቫ አልሰግድም፤ ቡድሃ የቪሽኑ ትስጉት ነው የሚለውን አልቀበልም ይላሉ። ይህ የኋለኛው መሐላ በከንቱ አልገባም፤ ብዙ ሂንዱዎች ቡድሃን ከቪሽኑ መገለጦች አንዱ አድርገው ያከብሩታል፤ አምቤድካርም አዲሱ እምነት በዚያ በር ተመልሶ እንዳይዋጥ ሰግቷል። ሁለት ወር ሳይሞላው አረፈ።

የእርሱ ቡድሂዝም እንደ ስሪላንካው አይደለም። ሰው በዝቅተኛ ቤት የሚወለደው ባለፈ ሕይወቱ ስለበደለ ነው የሚለውን አስተምህሮ ቆርጦ ጣለው፤ ቡድሃ ለካስት ሳይነካለት የተወውን ቤት እርሱ ሊያፈርሰው ፈለገ። በ2011 ቆጠራ በህንድ 8.4 ሚሊዮን ቡድሂስቶች ተመዝግበዋል፤ ከአራቱ ሦስቱ በላይ የሚኖሩት በአምቤድካር ግዛት በማሃራሽትራ ነው።

ዛሬ ሕጉ ምን ይላል?

ከጃኑዋሪ 26 ቀን 1950 ጀምሮ የሚሠራው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 ሰውን «የማይነካ» ማድረግን ከልክሏል። የከለከለው አለመነካካትን እንጂ ካስትን እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ካስት እንደ ማንነት በሕግ ይታወቃል፤ የማካካሻ ኮታም የሚሰላው በእርሱ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ሥራና ዩኒቨርሲቲ ቦታዎች 15 በመቶው ለዳሊቶች፣ 7.5 በመቶው ለነገዶች፣ 27 በመቶው «ኋላ ቀር» ለተባሉ ሌሎች ካስቶች ይያዛል። ሁለት ዳሊቶች፣ ናራያናንና ኮቪንድ፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ይሁንና ቀደም ሲል በጠቀስሁት የቤተሰብ ጥናት ከአራቱ ቤተሰቦች አንዱ ያህል በሆነ መልክ አለመነካካትን እንደሚከተል አምኗል፤ በእጅ መጸዳጃ መጥረግን የሚከለክል ሕግ በ1993 ወጥቶ በ2013 እንደገና መጠናከር አስፈልጎታል።

ሃይማኖትና ካስት በሕጉ ውስጥ የሚጋጩበት ቦታ ደግሞ አለ። በ1950 የዳሊቶች ኮታ፣ ከጥቂት የሲክ ካስቶች በቀር፣ ለሂንዱ ዳሊቶች ብቻ ተወሰነ። የቀሩት ሲክ ዳሊቶች በ1956፣ ቡድሂስቶች በ1990 ተጨመሩ። ክርስቲያንና ሙስሊም ዳሊቶች፣ ሃይማኖታችሁ ካስት አያውቅም ተብለው፣ እስከ ዛሬ ውጭ ናቸው፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ለቡድሂስቱ የተከፈተው በር ግን የራሱ ዋጋ አለው። አያቱ ናግፑር ላይ ካስትን በመሐላ የካዱ ወጣት የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ኮታ ለማግኘት ከወረዳው ጽሕፈት ቤት «ቡድሂስት፣ ካስት ማሃር» የሚል የምስክር ወረቀት ማውጣት ግዴታው ነው።